ስርቆት የሚከብደው በምን ተለክቶ ነው? የከባድ ስርቆት አመዳደብ በተለያዩ አገሮች ሕግ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ሁለት ሺህ ዶላር የሚያወጣ ስልክ ከአንድ ሱቅ ተሰረቀ እንበል። ድርጊቱ የተፈጸመው ቴክሳስ ውስጥ ከሆነ ቀላል ወንጀል ነው። ከ750 ዶላር ጀምሮ 2,500 ዶላር እስካልሞላ ድረስ ያለ ስርቆት በዚያ ግዛት ከቀላል ወንጀሎች የላይኛው እርከን ላይ ይመደባል፤ ጣሪያው የአንድ ዓመት እስራትና የ4,000 ዶላር መቀጮ ነው። ኒው ዮርክ ከሆነ ዋጋው 1,000 ዶላርን ስላለፈ አራተኛ ደረጃ ከባድ ስርቆት ይሆናል፤ እስከ አራት ዓመት ያስቀጣል። ኒው ጀርሲ ከሆነ ደግሞ ከ500 እስከ 75,000 ዶላር ያለው ሁሉ ሦስተኛ ደረጃ ወንጀል ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ አብዛኛውን ጊዜ እስር ቤት ባይገባም፣ በሕጉ ላይ የተጻፈው ቅጣት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። ያው ስልክ፣ ያው እጅ፣ ያው አገር፤ ሦስት የተለያዩ መልሶች።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። «ከባድ ስርቆት» የሚለው ስያሜ ብቻውን ስለ ጥፋቱ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። የሚነግረን፣ ሕግ አውጪው ክብደቱን የለካበት መለኪያ ነው፦ የንብረቱ ዋጋ፣ አወሳሰዱ፣ የተወሰደበት ቦታ፣ የዕቃው ዓይነት ወይም የሰውየው የቀድሞ ሪከርድ። መለኪያው ሳይታወቅ ከአንድ አገር የመጣን ፍርድ በሌላ አገር ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ሰውን ያላግባብ ይጎዳል። የመኖሪያ ፈቃድ መነጠቅ፣ ከአገር መባረር፣ ተላልፎ መሰጠት፣ ሥራ መከልከል፤ እነዚህ ሁሉ በዚህ ምደባ ላይ የሚንጠለጠሉ ናቸው።

ከዋጋ ልጀምር፤ ያረጀውም ብዙ ስህተት የሚፈጠርበትም እሱ ነውና። በድሮው የእንግሊዝ ሕግ ከ12 ፔኒ በላይ የሚያወጣ ዕቃ መስረቅ ከባድ ስርቆት ነበር፤ ቅጣቱም ሞት። የገንዘቡ የመግዛት አቅም በየዘመኑ ሲወርድ ቁጥሩ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ባለበት ቆመ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ከመኖሪያ ቤት 40 ሺሊንግ የሚያወጣ ነገር መስረቅ ያሰቅል ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? የጁሪ አባላት ብዙ እንደሚያወጣ ዓይናቸው እያየ ንብረቱን «39 ሺሊንግ» እያሉ ገመቱት። ሰውየውን ከገመድ ለማዳን ሌላ በር አልነበራቸውም። ከባድና ቀላል የሚለው ክፍፍል እዚያ በ1827 እ.ኤ.አ. ተሻረ። በ1968ቱ የስርቆት ሕግ ስርቆት አንድ ወንጀል ነው፤ ዛሬ ጣሪያው ሰባት ዓመት ሲሆን ዋጋ የሚታየው ቅጣቱ ሲሰላ ነው።

አሜሪካ ግን የዋጋ ወለሉን ይዛ ቀጠለች። ካሊፎርኒያ በ950 ዶላር፣ ኒው ዮርክ በ1,000፣ ቴክሳስ በ2,500 ድንበር አበጁ። ካናዳም እንዲሁ አንድ ድንበር አላት፦ ከ5,000 የካናዳ ዶላር በላይ ከሆነ እስከ አሥር ዓመት፣ ካልሆነ እስከ ሁለት ዓመት። በእኔ ግምት ዋጋ ከመለኪያዎች ሁሉ ደካማው ነው። ምክር ቤቱ ቁጥሩን በየጊዜው ካላሻሻለ የዋጋ ንረት ራሱ ሕግ አውጪ ይሆናል፤ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት ትናንት ቀላል የነበረው ነገ ከባድ ይሆናል።

ክርክሩ ላይ የሚፈጠረውን ችግር ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። ዋጋው ደረጃውን የሚወስን ከሆነ ዋጋው ራሱ ዓቃቤ ሕግ ማስረዳት ያለበት የወንጀሉ ፍሬ ነገር ነው። የማን ዋጋ? የቴክሳስም ሆነ የኒው ዮርክ ሕግ የሚጠይቁት በተሰረቀበት ጊዜና ቦታ የነበረውን የገበያ ዋጋ ነው፤ የገበያ ዋጋው ሊታወቅ ካልቻለ ብቻ ዕቃውን ለመተካት የሚያስፈልገው ወጪ ይወሰዳል። ስለዚህ የግል ተበዳይ ከሁለት ዓመት በፊት 1,100 ዶላር የገዛበትን ደረሰኝ ይዞ ቢመጣ ነገሩ አላለቀም። ያገለገለው ላፕቶፕ በተሰረቀ ዕለት 700 ዶላር ብቻ ያወጣ ከነበረ ኒው ዮርክ ውስጥ ከከባድ ስርቆት መስመር በታች ይወድቃል። ደረሰኙን እንደ ዋጋ ማስረጃ አድርጎ ዝም ብሎ የሚቀበል ጠበቃ የደንበኛውን ግማሽ መከራከሪያ ጥሎታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ድምር ነው። አንድ የሱቅ ሠራተኛ በየሳምንቱ 200 ዶላር ለአራት ወራት ቢወስድ አሥራ ስድስት ትናንሽ ስርቆቶች ናቸው ወይስ አንድ የ3,200 ዶላር ስርቆት? የቴክሳስ ሕግ በአንድ ዕቅድ ወይም በተከታታይ አድራጎት የተወሰደውን ደምሮ እንደ አንድ ወንጀል እንዲቆጠር ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱ ቀላል የነበረው ሲደመር መስመሩን ያልፋል። በዚህ ጊዜ ክርክሩ የሚዞረው አንድ ዕቅድ ነበር ወይ በሚለው ላይ ነው።

ቻይና ዋጋን ከሌላ መለኪያ ጋር አጣምራዋለች፤ አሠራሩ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው የፍርድ ቤትና የዓቃቤ ሕግ ትርጓሜ መሠረት ከ1,000 እስከ 3,000 ዩዋን «በአንጻሩ ብዙ»፣ ከ30,000 እስከ 100,000 «እጅግ ብዙ»፣ ከ300,000 እስከ 500,000 «በተለየ ሁኔታ እጅግ ብዙ» ለሚባሉት እርከኖች መነሻ ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር በዚህ ውስጥ ሆኖ የሚወስነው ክፍለ ሀገሩ ነው። ቅጣቱም እስከ ሦስት ዓመት፣ ከሦስት እስከ አሥር፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አሥር ዓመትና ከዚያ የበለጠ ወይም ዕድሜ ልክ ነው። ነገር ግን ቤት ገብቶ የሰረቀ፣ መሣሪያ ይዞ የሰረቀ፣ ከኪስ የመነተፈ፣ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የሰረቀ ሰው ገንዘቡ የፈለገውን ያህል ትንሽ ቢሆን ወንጀለኛ ነው። ሕንድ በበኩሏ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው አዲሱ ሕጓ፣ ዋጋው 5,000 ሩፒ ካልሞላና ሰውየው የመጀመሪያ ጥፋቱ ሆኖ ንብረቱን ወይም ዋጋውን ከመለሰ ቅጣቱን ወደ ማኅበረሰብ አገልግሎት አውርዳዋለች። ዋጋን ለማክበድ ሳይሆን ለማቅለል መጠቀም የተሻለ አጠቃቀሙ ይመስለኛል።

በአህጉራዊ አውሮፓ መንገዱ ሌላ ነው፤ ክብደቱን የሚወስነው አወሳሰዱ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ተራ ስርቆት እስከ ሦስት ዓመትና 45,000 ዩሮ ያስቀጣል። ሕጉ ቅጣት ማክበጃዎችን ዘርዝሮ ይቆጥራቸዋል፦ አንድ ካለ አምስት ዓመት፣ ሁለት ከሆኑ ሰባት፣ ሦስት ከሆኑ አሥር። በጦር መሣሪያ ሲሆን ሃያ ዓመት፣ በተደራጀ ቡድንና በጦር መሣሪያ ሲሆን ሠላሳ ዓመት ይደርሳል። እዚያ ውንብድና ራሱን የቻለ ወንጀል አይደለም፤ ኃይል የተጨመረበት ስርቆት ነው። የፈረንሳይን የፍርድ ግልባጭ ሲያዩ «ስርቆት» የሚለውን ብቻ አንብበው ጉዳዩን እንደ ቀላል የሚያልፉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በ669፣ ውንብድናን በ670፣ ከባድ ውንብድናን በ671 ለየብቻ ስለሚያስቀምጥ፣ በዚህ አመዳደብ የለመደ ዓይን የፈረንሳዩን ሲያነብ መጠንቀቅ አለበት።

ጀርመን ደግሞ ደረጃ በደረጃ የተሠራ መሰላል አላት። ተራው ስርቆት እስከ አምስት ዓመት ነው። የተቆለፈ ቦታ ሰብሮ የገባ፣ ለሥርቆት መከላከያ የተደረገለትን ዕቃ የወሰደ እና የመሳሰለው በአንቀጽ 243 ከሦስት ወር እስከ አሥር ዓመት ይቀጣል፤ ሆኖም የተወሰደው ነገር ዋጋው ኢምንት ከሆነ ይህ ማክበጃ አይሠራም። አንቀጽ 244 ግን ጦር መሣሪያ ወይም አደገኛ ዕቃ ይዞ ለሰረቀ፣ ወይም በቡድን ለሰረቀ ከስድስት ወር፣ በቋሚነት የሚኖርበት የግል መኖሪያ ቤት ሰብሮ ለሰረቀ ደግሞ ከአንድ ዓመት ይጀምራል፤ የኢምንት ዋጋ ይቅርታውም እዚህ የለም። ተግባራዊ ትርጉሙን ልንገራችሁ። የጀርመን ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ተራ የኪስ ሴንጢ ሳይቀር አደገኛ ዕቃ ነው ብሏል። ስለዚህ ሴንጢ በኪሱ ይዞ አሥር ዩሮ የማትሞላ ዕቃ ከሱቅ ያነሳ ሰው፣ ሴንጢውን ባያወጣ፣ ሊጠቀምበትም ባያስብ፣ የሚከሰሰው መሣሪያ ይዞ በመስረቅ ነው። እዚህ ፍርድ ላይ «መሣሪያ» የሚለውን ቃል አይቶ ባንክ የዘረፈ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚስል የውጭ አገር ባለሥልጣን ምን ያህል እንደሚሳሳት አስቡት።

ጃፓን የመጨረሻው ጫፍ ናት። ስርቆት በአንድ አንቀጽ፣ በ235፣ ያበቃል፤ የዋጋ እርከን የለውም። ከመቀጮ እስከ አሥር ዓመት ያለውን ሰፊ ክልል ለዳኛው ትታለች።

አሁን ስርቆት ወደ ውንብድና የሚሻገርበትን መስመር እንመልከት፤ የቅጣቱ ዝላይ ትልቁ እዚህ ነው። በእንግሊዝ ከሰባት ዓመት ወደ ዕድሜ ልክ ይዘላል። በጃፓን ውንብድና መነሻው አምስት ዓመት ነው። በጀርመን ቢያንስ አንድ ዓመት ይሆንና ጉዳዩ ወደ ከባዱ የወንጀል መደብ ይገባል። በኬንያ የወንጀል ሕግ መሣሪያ የያዘ፣ ከሌላ ሰው ጋር የሆነ ወይም ተበዳዩን የመታ ወንበዴ በሕጉ ላይ የተጻፈለት ቅጣት ሞት ነው፤ ሦስቱ ሁኔታዎች «ወይም» በሚል የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ብቻ ይበቃል። በሕንድ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሲሆኑ ወንጀሉ ሌላ ስም ይይዛል፤ እስከ ዕድሜ ልክም ያደርሳል።

ታዲያ ምን ያህል ኃይል ይበቃል? ቦርሳ ነጥቆ መሮጥን ውሰዱ። በእንግሊዝ በ1987 እ.ኤ.አ. የታየ ጉዳይ ከሴት እጅ ላይ የገበያ ዘንቢል መንጨቅ ውንብድና ሊሆን እንደሚችል አረጋገጠ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጣት መሃል ሲጋራ መንጠቅ ውንብድና አይደለም ተባለ፤ ሰውነት ላይ ያረፈ ኃይል አልነበረምና። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. የተበዳዩን መከላከል ለማሸነፍ የሚበቃ ኃይል፣ ትንሽም ቢሆን፣ ይበቃል ብሏል። በጃፓን ግን ኃይሉ የተበዳዩን መከላከል አቅም የሚያሳጣ መሆን አለበት፤ ተራ ንጥቂያ አብዛኛውን ጊዜ ስርቆት ሆኖ ይቀራል። ፍሎሪዳና ሕንድ ይህን መሃል ቤት የቀረ ድርጊት ለብቻው አውጥተው ንጥቂያን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርገውታል። ትክክለኛው መፍትሔ ይህ ነው እላለሁ፤ ነጣቂው ከኪስ መንታፊም ከወንበዴም ይለያልና።

አንድ ጉዳይ ወስደን በሁሉም ሕግ እናሳልፈው። ሰውየው ሳይቆለፍ በተተወ በር ሊሰርቅ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። ጠረጴዛ ላይ የነበረ ላፕቶፕ አነሳ። ሲወጣ ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ደረሰበት፤ ገፍቶት አመለጠ። መሣሪያ የለም፤ የተጎዳ ሰውም የለም።

በእንግሊዝ መስበር አያስፈልግም፤ ያለ ፈቃድ መግባቱ ይበቃል። መኖሪያ ቤት ስለሆነ እስከ 14 ዓመት ያስቀጣል። ግፊያውስ? ሕጉ ኃይሉ ከስርቆቱ ወዲያው በፊት ወይም በስርቆቱ ጊዜ መሆን አለበት ይላል፤ ነገር ግን ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍርድ ቤቶቹ መውሰዱ በቅጽበት የሚያበቃ ሳይሆን የሚቀጥል ድርጊት ነው ስላሉ ወደ ውንብድና ሊያድግ ይችላል። በጀርመን በተከፈተ በር መግባት ሰብሮ መግባት አይደለም፤ በመስኮት ቢዘል ኖሮ ይሆን ነበር። ስለዚህ ቤት ሰብሮ የመስረቁ ድንጋጌ አይነካውም። ሆኖም እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ የያዘውን ላለመልቀቅ ኃይል ከተጠቀመ በአንቀጽ 252 እንደ ወንበዴ ይቀጣል። እዚህ ጋ ሐሳቡ ወሳኝ ነው፦ የገፋው ላፕቶፑን ይዞ ለመሄድ ነው ወይስ ራሱን ለማዳን ብቻ? ላፕቶፑን ጥሎ ገፍቶ ቢሮጥ አንቀጹ አይመለከተውም። በጃፓን ግን ላለመያዝ ብሎ መጋፋቱ ብቻውን፣ ኃይሉ ከበረታ፣ ሌባውን በአንቀጽ 238 ወንበዴ ያደርገዋል። በፈረንሳይ ደግሞ ቤት ውስጥ መሆኑ አንድ፣ ግፊያው ሁለት ተብሎ ይቆጠርና ጣሪያው ሰባት ዓመት ላይ ያርፋል። አንድ ግፊያ፣ በአንዱ አገር ዕድሜ ልክ፣ በሌላው ሰባት ዓመት።

የዕቃው ዓይነትም ክብደት ይሰጣል፤ ይህን ፈጠን ብዬ ልለፈው። በካሊፎርኒያ የተሰረቀው ሽጉጥ ከሆነ ዋጋው አይጠየቅም። በኒው ዮርክ የክሬዲት ካርድ ስርቆት በራሱ ከባድ ነው። ኬንያ ውስጥ ተራ ስርቆት ሦስት ዓመት ሲሆን የከብት ስርቆት 14 ዓመት ይደርሳል፤ ከብት የቤተሰቡ ሀብት ሁሉ ሊሆን ስለሚችል ሚዛኑ ትርጉም አለው። የማይዳሰስ ነገርም ሕጉን ፈትኖታል። የጀርመን የዚያን ጊዜው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1899 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ «ዕቃ» አይደለም ብሎ ሰራቂውን ስርቆት አልፈጸመም ስላለ፣ በ1900 ልዩ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነ።

ሐሳብ ላይም ልዩነት አለ። የእንግሊዝ ሕግ ባለቤቱን ለዘለቄታው የማሳጣት ሐሳብ ይጠይቃል፤ ስለዚህ መኪና ነድቶ አቁሞት የሄደ ወጣት በስርቆት ሳይሆን እስከ ስድስት ወር በሚያስቀጣ ሌላ ድንጋጌ ይከሰሳል። ፈረንሳይ ውስጥ ለጊዜው መጠቀም እንኳ ስርቆት ነው። ከሁለቱ አገሮች የመጡ ሁለት «የመኪና ጉዳዮች» አይመሳሰሉም።

ድንበር ሲያቋርጡ የሚገጥመው ሌላ ሚዛን ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2000 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የድንበር ተሻጋሪ የተደራጀ ወንጀል ስምምነት «ከባድ ወንጀል» የሚለው ጣሪያው አራት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። በዚህ መለኪያ የጃፓን፣ የእንግሊዝና የጀርመን ተራ ስርቆት ከባድ ይሆናል፤ የፈረንሳይ ተራ ስርቆትና የካናዳ ከ5,000 ዶላር በታች ያለው አይሆንም። የአውሮፓ የእስር ትእዛዝ ደግሞ የሁለቱ አገሮች ሕግ መመሳሰል ሳይመረመር አሳልፎ የሚሰጥባቸው 32 የወንጀል ዘርፎች አሉት፤ የተደራጀ ወይም በመሣሪያ የተደገፈ ውንብድና እዚያ ውስጥ አለ፣ ተራ ስርቆት ግን የለም። ተራው ስርቆት ሲሆን ሰውየውን እንዲያስረክብ የተጠየቀው አገር ድርጊቱ በእሱም ሕግ ወንጀል መሆኑን ሊያጣራ ይችላል።

በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንድ የስርቆት ፍርድ የከፋው መደብ ውስጥ የሚገባው የተፈረደው እስራት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ድረስ መነሻው አምስት ዓመት ነበር። በገደብ የታገደ ቅጣትም ይቆጠራል፤ ሰውየው አንድ ቀን እንኳ ባይታሰር 365 ቀን በገደብ የተፈረደበት እዚያ ይገባል፣ 364 ቀን የተፈረደበት አይገባም። «አትታሰርም፣ ፈርም» ተብሎ አንድ ዓመት በገደብ የተቀበለ ስደተኛ ከዓመታት በኋላ የመባረር ትእዛዝ የሚደርሰው ከዚህ የተነሳ ነው። ድርድሩ ላይ አንዲት ቀን ማስቀነስ የጠበቃው ትልቁ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የውጭ አገር የስርቆት ፍርድ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የምትፈልጉት የድንጋጌውን ቁጥር ከነንዑስ አንቀጹ ነው፤ ርዕሱን አይደለም። ቀጥሎ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን ይሠራ የነበረውን የሕጉን ቅጂ አግኙ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የዋጋ ወለሉ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 400 ዶላር ነበር፤ የ2009 ፍርድን በዛሬው ሕግ ማንበብ ሌላ ጉዳይ ማንበብ ነው። ከዚያ የክሱን ማመልከቻና የጥፋተኝነት ውሳኔውን አስተያዩ፤ በአንዱ ተከሶ በሌላው፣ በቀለለው፣ የተፈረደበት ሰው ብዙ ነው። የተፈረደውን ቅጣትና የሕጉን ጣሪያ ለየብቻ መዝግቡ፤ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ጣሪያውን፣ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ደግሞ የተፈረደውን ነው የሚያየው። ገደብ ካለም የገደቡን ጊዜ ሳይሆን የታገደውን የእስራት ዘመን ጻፉ። በመጨረሻም ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ደረጃው ዝቅ ተደርጎ እንደሆነ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ጠይቁ፤ በካሊፎርኒያ ዳኛው አንዳንድ ከባድ ስርቆቶችን ከፍርድ በኋላ ወደ ቀላል ወንጀል ማውረድ ስለሚችል፣ ያቺ አንዲት የትእዛዝ ወረቀት ከፋይሉ ከጎደለች ሰውየው ዛሬም በከባድ ወንጀለኛነት ተመዝግቦ ይገኛል።